ውሃው ከየት መጣ? ስለ ግቢና ስለ መኪና መግቢያ ፍሳሽ ለጠየቃችሁን

ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ከወሎ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው አንድ ይሆናል፦ ግቢ የሚገባ ጎርፍ፣ ግቢ ውስጥ የሚተኛ ውሃ፣ ግድግዳ ሥር የሚሰርግ እርጥበት። ለዚህ እትም እርስ በርስ የማይመሳሰሉትን መርጠናል። ደሴ ዳገት ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከሐይቁ አጠገብ። ደሴ ላይ የሠራው መላ ሐይቅ ላይ ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሌላውን መልስ ለራስዎ ከመውሰድዎ በፊት ደብዳቤውን አብረው ያንብቡት።

ከደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ከሚኖሩ አንባቢ

*አሰላሙ አለይኩም። መንገዱ ከግቢያችን ከፍ ይላል። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ በመኪናው መግቢያ ወርዶ በረንዳ ድረስ ይደርሳል። ይህ አልበቃ ብሎ የጓሮው ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ረጥቦ ቀለሙ ይላጣል፤ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ለሳምንታት አይደርቅም። አምና በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር፤ ዘንድሮ እርጥበቱ ጭራሽ ከፍ ብሎ ታየ። ምን ይሻለናል?*

ወአለይኩሙ ሰላም። አንድ ችግር ብለው የጻፉልን ሁለት ነው። በመግቢያው የሚወርደው የላይ ጎርፍ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የጓሮውን ግድግዳ የሚያረጥበው ግን ከተራራው በአፈር ውስጥ ለውስጥ ሰርጎ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላም የሚቆየው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ቦይ ለማስወጣት መሞከር ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው። የላዩ ጎርፍ ደለል ይዞ ይመጣል፤ ለሥሩ ውሃ የቀበሩትን ጠጠር በአንድ ክረምት ይደፍነዋል።

በጎርፉ እንጀምር። ከቦዩ በፊት ጉብታ ይሥሩ። መግቢያው ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል የኮንክሪት ጉብታ ቢኖር፣ መንገድ ላይ የሚሄደው ውሃ አብዛኛው በራሱ መንገድ ይቀጥላል። መውጫና መውረጃው በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይሁን፤ ድንገተኛ ከሆነ የመኪናው ሆድ ይነካል። ብዙ ግቢ ላይ የችግሩ ግማሽ በዚህ ብቻ ይቃለላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ጉብታውን አልፎ የሚገባውንና እዚያው መግቢያው ላይ የሚዘንበውን ለመያዝ በሩ ሥር መግቢያውን የሚያቋርጥ፣ ፍርግርግ ብረት የተከደነበት ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩ ከግንብ እስከ ግንብ ይድረስ። ከዳር 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ከተተወ ውሃው በዚያች ክፍተት ዞሮ ይገባል። ለ4 ሜትር መግቢያ ልኩ እንዲህ ነው፦ የውስጥ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር፣ የግራና የቀኝ ግድግዳ ውፍረት 15፣ የወለሉ ውፍረት 10። ጥልቀቱ በአንዱ ጫፍ 24፣ ውሃው በሚወጣበት ጫፍ 30 ይሁን፤ ይህ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል ማለት ነው። ለዚህ 5 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ውህዱ 1 ለ2 ለ3 ነው። የመለኪያው ሳጥን ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከሁለት ሳጥን አሸዋና ከሦስት ሳጥን ጠጠር ጋር ይደባለቃል። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነስ። ሠራተኛ ውህዱ እንዲፈስለት ብሎ ውሃ ሲጨምር ዝም ብለው አይዩ፤ ቦዩ በመጀመሪያው ዓመት ዳር ዳሩ የሚፈረካከሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ለፍርግርጉ የቦዩ ሁለት ከንፈሮች ላይ 50 በ50 በ5 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አብሮ ይቀበር። ክዳኑ ባለ 40 በ8 ሚሊ ሜትር ፍላት ብረት በጠባቡ ጎኑ ቆሞ የሚበየድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 33 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 3 ሳንቲ ሜትር። ለ4 ሜትር 105 ቁራጭ ይወጣል። ባለ 6 ሜትሩ ብረት 18 ቁራጭ ስለሚሰጥ ለዚህ 6 ብረት፣ ጫፎቹን ለማያያዝ ደግሞ 2፣ በድምሩ 8 ፍላት ብረትና 2 አንግል ይግዙ። ክዳኑ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው 8 ክፍሎች ይበየድ፤ አንድ ሰው አንሥቶ እንዲጠርገው። ብረቱ ከአንግሉ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ውሃው ዘሎት አያልፍም። ኮንክሪቱን ለ7 ቀን ውሃ ያጠጡት፤ መኪና 28 ቀን ሳይሞላው አይለፍበት።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ከዚያ ወዴት? ግቢዎ ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ መመለስ አይቻልም። በቤቱ ጎን፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ወደ ታችኛው መንገድ ቦይ መውሰድ ይኖርብዎታል። በ160 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በመቶኛ አንድ ተዳፋት፣ ወይም 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክፍት የድንጋይ ቦይ። እኛ ክፍቱን እንመርጣለን፤ የተደፈነ ቦይ ይታያል፣ የተደፈነ ቱቦ ግን ውሃው ተመልሶ ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ቱቦ ከመረጡ መግቢያው ላይ 40 በ40 የሆነ የደለል ማረፊያ ሳጥን ይሥሩ፤ የሳጥኑ ወለል ከቱቦው አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ይጠረግ።

ተዳፋቱን በዓይን አይገምቱ። ዳገት ላይ ዓይን ያታልላል፤ የሚወርድ የሚመስለው አንዳንዴ ይወጣል። ባለ 10 ሜትር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ይሙሉና ሁለቱን ጫፎች በሁለት ችካል ላይ ያስጠጉ። ውሃው ረግቶ የቆመበት መስመር በሁለቱም በኩል አንድ ልክ ነው። ከዚያ ወደ መሬቱ በሜትር ሲለኩ ልዩነቱ ይወጣል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ልኩ ስሕተት ይሆናል። ከመለካትዎ በፊት ሁለቱን ጫፎች አጠጋግተው ይያዙ፤ ውሃው እኩል ካልቆመ አረፋ አለ፣ ቱቦውን እየመቱ ያስወጡት።

ወደ ጓሮው እንመለስ። የሲሚንቶ ልስኑ ውሃውን አላስቀረውም፤ በዚያ በኩል መድረቂያ ስላጣ ወደ ላይ ገፋው። ውሃውን ግድግዳው ጋ ከመድረሱ በፊት መቁረጥ ነው። ከቤቱ በላይ በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈር። ጥልቀቱ ከቤቱ ወለል በታች 30 ሳንቲ ሜትር ይድረስ እንጂ ከመሠረቱ ግርጌ አይለፍ፤ ካለፈ መሠረቱን የያዘውን አፈር ያስለቅቃል። ወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይተኛ። ቱቦው ላይ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ በሁለት መስመር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳዎቹ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ ገደድ ብለው ይዙሩ። ብዙ ሠራተኛ ውሃ ከላይ ይገባል ብሎ ቀዳዳውን ወደ ላይ ያዞራል። እንዲያ ሲሆን ውሃው ቱቦውን ሞልቶ እስኪያልፍ ድረስ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ አፈሩም ከላይ ይገባል።

ቦዩ በመጠኑ 02 በሚባለው ጠጠር ይሞላ። 20 ሜትር ርዝመት በ80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን፣ ከላይ 15 ሳንቲ ሜትር ለአፈር ክዳን ሲቀር፣ 5 ሜትር ኩብ ያህል ጠጠር ይበላል። ጠጠሩ ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር የጂኦቴክስታይል ጨርቅ ዙሪያውን ይጠቀለል። ጨርቁ ከጠፋ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ ያድርጉ። የማዳበሪያ ከረጢት አይጠቀሙ፤ ውስጡ ላስቲክ ያለው ውሃ አያሳልፍም፣ የሌለውም በዋልካ ቶሎ ይደፈናል። ከላይ አፈሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይመታ፤ የላይ ጎርፍ እንዳይገባበት። የጣሪያ አሸንዳም እዚህ ቱቦ ውስጥ አይገናኝ።

ቁፋሮውን ከመውጫው፣ ከታችኛው ጫፍ ይጀምሩ። ከላይ ከጀመሩ ቦዩ ውሃ ያቁርና ዳሩ ይናዳል። ደግሞም በአንድ ጊዜ 20 ሜትር ከፍተው አያድሩ፤ አራት አምስት ሜትር ቆፍሮ፣ ቱቦ አስተኝቶ፣ ጠጠር ሞልቶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ደሴ አፈሯ በሚንሸራተትባት ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የተራራ እግር በክረምት መቁረጥ አይገባም። በዚህ ወር የሚያደርጉት ውሃው የሚመጣበትን መስመር በችካል ምልክት ማድረግ ነው። መቆፈሪያው ከኅዳር እስከ ጥር፣ በልግ ሳይገባ ነው። ልስኑም ያኔ ይፋቅና ግድግዳው ጥቂት ወራት ተገልጦ ይድረቅ።

አንድ ነገር በጥብቅ እንለምንዎታለን። ከጓሮዎ በላይ የድጋፍ ግንብ ካለና ሆዱን አውጥቶ ከሆነ፣ ወይም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት መሐንዲስ ያሳዩት። ጤነኛ የድጋፍ ግንብ በየአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቀት ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ከኋላውም ጠጠር። ቀዳዳው ውሃ ስላወጣ ግንቡን አቆሸሸ ብለው በሲሚንቶ የሚደፍኑ አሉ። ከኋላ የሚጠራቀመው ውሃ ግንቡን ሰው ላይ ይጥለዋል።

ከኮምቦልቻ

*የመኪና መግቢያችንን ኮብልስቶን ካስነጠፍን ሁለት ዓመት ሆነን። የጎማው መስመር ሰምጦ ውሃ ያቁራል፤ መሐሉ ደግሞ ተነፍቷል። ጎረቤቶች ውሃ መምጠጫ ጉድጓድ ቆፍሩና ድንጋይ ሙሉበት ይሉናል። ያዋጣል?*

ከመወሰንዎ በፊት ይፈትኑት። ውሃው በሚተኛበት አካባቢ 30 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉና ያሳድሩት። ጠዋት እንደገና ሞልተው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ምልክት አድርገው በሰዓት ምን ያህል እንደጎደለ ይለኩ። በሰዓት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ የመምጠጫ ጉድጓድ አይሠራም፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ እስከ መስከረም የሚቀመጥ ኩሬ ይሆናል፣ ወባም ይጋብዛል። በደብዳቤዎ የገለጹት መስመጥና መነፋት የዋልካ ጠባይ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፈተናው አይመጥም የሚል ውጤት እንደሚሰጥዎት እንገምታለን።

መድኃኒቱ ኮብሉን አንሥቶ ከሥሩ መጀመር ነው። ለ3 በ10 ሜትር መግቢያ 50 ሳንቲ ሜትር ዋልካ ይወጣል፤ 15 ሜትር ኩብ ነው። በቦታው 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ገረገንቲ፣ ማለትም ለሙሌት የሚውል ጠጠራማ አፈር፣ ይገባል። ተጠቅጥቆ 10 ሜትር ኩብ ተኩል የሚሆነው ገና ሳይጠቀጠቅ 13 እና 14 ሜትር ኩብ ነው፤ ወደ አንድ ሲኖትራክ ጭነት ይጠጋል። በአንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ መምታት ዋጋ የለውም። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየረጩ በኮምፓክተር ይጠቅጠቅ። ከዚያ 4 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ አንድ ሜትር ኩብና ጥቂት፣ በመጨረሻም ኮብሉ። ዳርና ዳሩ በኮንክሪት የታሰረ ከርብ ያስፈልገዋል፤ ዳሩ ካልተያዘ ኮብሉ ወደ ጎን እየሸሸ መሐሉ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ አድርገው ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ገረገንቲ ሲሞላ ገንዳ ነው። ውሃው በኮብሉ መካከል ሰርጎ ይገባል፣ ሥሩ ያለው ዋልካ አያሳልፈውም፣ እዚያው ይቀመጥና ዋልካውን እንደገና ያነፋዋል። ስለዚህ ተዳፋት ለኮብሉ ፊት ብቻ ሳይሆን ለቁፋሮው ወለልም ይሰጠው፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ አንድ ጎን። በዚያ ጎን ሥር ከላይ ለደሴው አንባቢ የገለጽነው ዓይነት የተበሳ 110 ቱቦ ይተኛና ወደ ውጭ ቦይ ይውጣ። የኮብሉ ፊትም ወደዚያው ጎን በየሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይዘንብል። የቤቱ አሸንዳ መግቢያው ላይ የሚፈስ ከሆነም ያዙሩት። በ120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4,800 ሊትር ነው፤ 24 በርሜል ውሃ በአንድ ጥግ መድፋት ማለት ነው።

ከአንዲት አንባቢ፣ ስለ እናታቸው ቤት

*እናቴ የሚኖሩት ወልዲያ ነው፤ ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው፣ 9 በ7። ባለ ሁለት ክንፍ ጣሪያው በሁለቱም በኩል አሸንዳ አለው፣ ግን ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በአሸንዳው ላይ ያልፋል። መውረጃው ጥጉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሯል። ምርጊቱ ከታች ይረግፋል። በሲሚንቶ ይለሰን ወይ?*

እባክዎ በሲሚንቶ አያስለስኑት። ጭቃ ግድግዳ የጠጣውን ውሃ በፊቱ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ቋሚዎቹ ከመሬቱ አጠገብ ይበሰብሳሉ፤ ምስጥም ይከተላል። ከውጭ ደህና መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ግድግዳው ያዘነብላል። የረገፈው በደንብ በቦካ የጭድ ጭቃ ይመረግ፤ እሱም ውሃው ከተያዘ በኋላ።

አሸንዳው ለምን እንደሚያልፈው ሲዘንብ ቆሞ ማየት ነው። ሦስት ምክንያት ይኖራል። የቆርቆሮው ጫፍ አሸንዳው ውስጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ገብቶ ከሆነ ኃይለኛው ውሃ ዘሎ ያልፋል፤ ጫፉ ይቆረጥ። አሸንዳው መሐሉ ላይ ሆድ ጥሎ ከሆነ መያዣዎቹ ተራርቀዋል ማለት ነው፤ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይያዝ፣ ለ9 ሜትር ርዝመትም ከጫፍ ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ሦስተኛው የመውረጃው ጥበት ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ብለው ያስሉ። የእናትዎ ጣሪያ በየክንፉ ከ35 ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ 44 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ክንፍ አንድ ይበቃል። ባለ 50 ከሆነ ግን አይችልም።

መውረጃው መሬት ላይ ሲደርስ በክርን ታጥፎ ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ከቤቱ ይራቅ። የሚፈስበት ቦታ ላይ የእግር መዳፍ የሚያህሉ ድንጋዮች ይደርደሩ፤ ጉድጓድ የሚቆፍረው ውሃው ሲወድቅ ያለው ኃይል ነውና። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ፣ ይሠራላቸው። ንጣፉ ከቤቱ ወለል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ግድግዳውን ለመደገፍ ተብሎ አፈር አይቆለልበት። በብዙ ያረጁ ቤቶች ውጩ በየዓመቱ አመድና ጥራጊ እየተደፋበት ከወለሉ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያን ቆፍሮ መጣል ብቻ ቤት ያድናል።

ከደሴ ዙሪያ

*ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት አድርጎ ውሃውን በአንድ ቱቦ ወደ እኔ ለቀቀው። አጥሬን በግንብ ልዝጋው ወይ?*

አይዝጉት። ቁልቁል የሚመጣ ውሃ በግንብ ሲታገድ ከኋላው ይጠራቀማል፤ ግንቡ ከወደቀ የሚወድቀው እርስዎ ላይ ነው። በፊት በሜዳው ተበትኖ ይመጣ የነበረው ውሃ አሁን በአንድ ነጥብ ተሰብስቦ መምጣቱ ግን እውነተኛ በደል ነው፤ ይህን ለጎረቤትዎ ዝናብ እየዘነበ ጠርተው ያሳዩት። በቃል ከመንገር ይሻላል።

የሚያዋጣው የጋራ ቦይ ነው። በወሰናችሁ መስመር ላይ፣ ከሁለቱም አጥር 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ 40 በ40 የሆነ የድንጋይ ቦይ እስከ ሕዝብ ቦዩ ይወረድ። ተዳፋቱ በመቶ ከ10 በላይ ከሆነ ቦዩ ለስላሳ አይሁን፤ በየሁለት ሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ደረጃ ይሠራለት። ውሃው በየደረጃው ኃይሉን ይጥላል፤ ያለዚያ ግርጌውን ቦርቡሮ ይወጣል። ከእርስዎ በታች ያሉትም ቤቶች ይግቡበት፤ ካልገቡ እርስዎም ጎረቤትዎ ያደረገውን እነሱ ላይ ማድረግዎ ነው። ወሎ ውስጥ ለዚህ ቅሬ (እድር) አለ። ለቀብር የተሰበሰበ ሰው ለቦይም ይሰበሰባል፤ የድንጋይና የሲሚንቶ መዋጮው፣ ማን በየትኛው ክፍል ሰኔ ሳይገባ እንደሚጠርግ፣ በቅሬው ፊት በጽሑፍ ይቀመጥና አንድ ቅጂ ቀበሌ ይግባ። ቤቶች ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ፤ በቃል የተስማማ ሰው ሲሄድ ቦዩ ባለቤት ያጣል።

ከቆቦ

*በበሬ ፊት 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የመንገድ ቦይ አለ። መኪና እንዲገባ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስገብቼ አፈር ሞላሁበት። ዘንድሮ ተደፍኖ ጎርፉ በበሬ ገባ።*

ቱቦው ይውጣ። ከቦዩ ስፋት ሁለት ሦስተኛው ተዘግቷል፤ ቆቦ ላይ ጎርፉ ከምዕራቡ ተራራ አሸዋና ቅርንጫፍ ይዞ ስለሚወርድ እንዲህ ያለ አፍ አይቆይም። በምትኩ የሚነሣ የኮንክሪት ክዳን ይሥሩ። አንዱ ክዳን 90 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 15፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ባለ ግንብ ላይ 15፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያርፋል። በየክዳኑ 4 ባለ 12 ፌሮ በርዝመቱ፣ 5 ባለ 8 በወርዱ። ለ4 ሜትር በር 10 ክዳን ይበቃል፤ 3 ባለ 12 ፌሮ እና 4 ከረጢት ሲሚንቶ ይወስዳል።

ፌሮው ከታች፣ ከፎርሙ ወለል 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጎማ ሲወጣበት ክዳኑ የሚሰነጠቀው ከሥሩ ነው፤ ፌሮው መሐል ወይም ላይ ከሆነ እንደሌለ ነው። በየጫፉ ጣት የሚያስገባ የፌሮ ማንጠልጠያ ይተዉለት። አንዱ ክዳን 135 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ሰው ያነሣዋል። ቦዩ የመንገዱ ስለሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ሳይፈቀድ አይጀምሩ።

ከሐይቅ

*ግቢያችን ሜዳ ነው። በነሐሴ የትም ብንቆፍር ውሃ ይወጣል። ጠጠር የተሞላ ቦይ አሠራን፤ ምንም አልለወጠም።*

አይለውጥም። በአንድ ጥግ አንድ ሜትር ቆፍራችሁ በማግሥቱ እዩት፤ ውሃው ከመሬቱ ፊት 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ረግቶ ከቆመ የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ከፍ ብሏል። ቦያችሁ የተቆፈረው ውሃው ውስጥ ነው፣ የሚፈስበት ዝቅተኛ ቦታ የለውም። ያላችሁ ምርጫ መሬቱን ማንሣት ነው። የመኪና መግቢያውና ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በገረገንቲ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የቀረው ግቢ ዝቅ ብሎ ሣርና አትክልት ይያዝበት። ሸንኮራ ለእንዲህ ያለ እርጥብ መሬት ይስማማል።

ሽንት ቤታችሁ የጉድጓድ ከሆነና በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድም ካላችሁ ግን ጉዳዩ ከጭቃ ያልፋል። የከርሰ ምድር ውሃው እስከዚህ ሲወጣ ሁለቱ ከሥር ይገናኛሉ። በመካከላቸው 30 ሜትር ከሌለ፣ ክረምቱ እስኪወጣ የዚያን ጉድጓድ ውሃ ሳታፈሉ ለልጆች አትስጡ።